አዳማ ላይ ለግቢ መቀመጫ ጥላ በምን ይሠራ?

ጥያቄ፦ ከሳሎን በር ፊት ለፊት 4 በ5 ሜትር ባዶ ቦታ አለ። መሬቱን ኮብልስቶን ለማንጠፍ ታስቧል። ጥላው ቆርቆሮ ይሁን ወይስ ሐረግ? ነፋሱም ያሳስባል።

ብረት ሠሪው፦ ቆርቆሮውን ይተዉት። ቀን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል፤ ነፋስ ከሥሩ ሲገባም ይገነጥለዋል። ለሐረጉ መደገፊያ 60 በ60 ሚሊ የብረት ካሬ ቱቦ 4 ቋሚ ይበቃል። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ይጠልቅ፤ ኮንክሪቱ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር። የኮንክሪቱን አናት ከመሬት ከፍ፣ ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው ይጨርሱት፤ ውሃ ካቆረ ብረቱ እዚያው ይዝጋል።

የአትክልት ሰው፦ ሐረጉ ቡገንቪላ ይሁን፣ ፀሐይ ይወዳል። ጉድጓዱ 50 ሳንቲ በጎንም በጥልቀትም፤ 2 እጅ አፈር ከ1 እጅ የበሰበሰ ፍግ ጋር። ሥር ከያዘ በኋላ ውሃ ይቀንሱለት፤ ሲበዛበት አበባውን ትቶ ቅጠል ብቻ ያወጣል። እሾሃም ነውና ከወንበሮቹ ይራቅ። ጥላ እስኪሰጥ መረብ ይወጠር።

ብረት ሠሪው፦ ኮብልስቶኑን ረሳሁት! ከግድግዳው ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ሳሎን ይገባል። ጠርዙም በኮንክሪት ይታሰር፣ ካልሆነ ድንጋዩ ይሸሻል።