«ሆዱና ጠላው ነው ያባከነው» ስለተባለው የቅኔ ተማሪ

ዘጎዛምን፦
ትናንት በሬዲዮ ተሰጥኦአቸውን አባክነው ስለቀሩ ሰዎች ሲወራ እንግዳው ዘሎ የጎጃም ቅኔ ቤት ላይ ወጣ። «ተማሪው አእምሮው ስለት ነው፤ ሆዱና ጠላው ነው ያባከነው» አለ። አዘጋጁም ስቆ አለፈው። እስቲ ይንገረኝ፤ ማኅሌት ላይ ቆሞ መወድስ የሚባለውን ባለ ስምንት ቤት (ስንኝ) የግእዝ ቅኔ እዚያው ፈጥሮ የሚዘርፍ ልጅ ምን ይከፈለዋል? እንጀራና ጠላ። ጠላው ደመወዙ ነው! ደመወዙን የተቀበለ ሰው በምን ሒሳብ ነው አባካኝ የሚባለው?

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን «ጠላው ደመወዙ ነው» ስትል ሰውዬውን እያገዝከው ነው። ጠዋት ዝክር፣ ቀትር ላይ ተዝካር፣ ማታ ማኅበር እየዞረ ደመወዙን የሚቀበል ልጅ መጽሐፍ ቤት መቼ ይገባል? ቅኔ መግቢያ በር ነው። ከዚያ ወዲያ ብሉይና ሐዲስ አለ፤ ዜማ የፈለገ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ወደሚባሉት ደብሮች መሄድ አለበት። ጎበዙ ልጅ ግን መወድስ ላይ ስሙ ይወጣና እዚያው ይቀራል። መካከለኛው ተማሪ ማንም ስላልጠራው ቀጥሎ ተምሮ ወንበር ይዘረጋል፤ መምህር ይሆናል። ይህን በየደብሩ የምናየው ነው።

የዋሸራ ወንበር፦
ጣና ዳር ግማሹን ተናገረ። ጎበዙን የሚያበላሸው ከጠላው በፊት «ይበል! ይበል!» የሚለው ጩኸት ነው። ፈጣን ልጅ መጀመሪያ የሚማረውን አጭሩን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ በጥቂት ቀን ያልፋል፤ የሚቀጥሉትን የቅኔ ዓይነቶች፣ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማን እየዘለለ ግሱ ሳይወርድለት፣ አገባቡ ሳይጠናለት መወድስ ላይ ይወጣል። ጆሮው ጥሩ ስለሆነ ቤቱን ይመታል፣ ዜማውንም አይስትም። ስምንቱ ቤት ሲያልቅ ግን ማሰሪያ (የሚቋጭበት ግስ) የለውም፤ ባለቤቱ ነጠላ ሆኖ ግሱ በብዙ ይወጣል፤ ዘርፍ የሚባለው አገናዛቢ ቃል በምን እንደተንጠለጠለ አይታወቅም።

ሰምና ወርቁም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ሰሙን ገብስ የሚዘራ ገበሬ፣ ወርቁን የጌታን መቀበር አደረገ እንበል። ዘሩ አፈር እስኪገባ ሁለቱ ተጣጥመው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን ይነሣል ሲል ግን ሰሙ ተሰበረ፤ ገብስ በሦስት ቀን ከአፈር አይወጣም። የሰከነ ተማሪ ቆጠራ ላይ፣ ቅኔውን ለብቻው ሲያስብ ሳለ፣ ይህን ቀድሞ ያይና ወይ ሰሙን ይለውጣል፣ ወይ ቀኑን ትቶ መነሣቱን ብቻ ይይዛል። ፈጣኑ ግን ይቸኩላል፤ ምእመኑም ግእዙን ስለማያውቀው በዜማው ብቻ ያጨበጭብለታል። መምህሩ ሊያቃናው ሲጠራው አይመጣም፤ ተመስግኗላ! ብክነት ማለት ይህ ነው። ከሆድም ከጠላም ጋር ምንም አያገናኘውም።

ዘጎዛምን፦
የኔታ፣ ያሉትን እቀበላለሁ። ግን ተማሪው ለምን እንደሚቸኩል አልነገሩንም። አኩፋዳ ይዞ ደጅ ለደጅ ሲዞር ውሻ ነክሶት፣ ኮቾሮ (የደረቀ እንጀራ) በውኃ አርሶ በልቶ፣ ክረምቱን በአንድ ደበሎ ከእከክና ከተስቦ ጋር ታግሎ ነው የሚማረው። ሰባት ዓመት ረጋ ብለህ ተማር ማለት ለጠገበ ሰው ይቀላል። ድሮ መምህሩ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱ የሚያገኘው የሰሞን መሬት ነበረው፤ ለተማሪውም ትንሽ ይተርፍ ነበር። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ እሱም ቀረ። ገበሬው መሬት ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ለወንበሩ መተዳደሪያ ግን ማን ምን ተካ? አሁንም ጠላው ደመወዙ ነው እላለሁ።

ፋርማሲ ቤት፦
ጠላ ጠላ ስትሉ አብሾን ዘለላችሁት። ስንት ስለታም ልጅ ያሳበደው እኮ እሱ ነው። አብሾ ተብሎ፣ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣው አጤ ፋሪስ የሚባል ተክል ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ናቸው። ሁለቱም አሴቲልኮሊን የተባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ያግዳሉ፤ አእምሮ አዲስ ትምህርት የሚይዘው ደግሞ በእሱ ነው። ማለትም መድኃኒቱ የሚያደርገው የሚባልለትን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ምላስ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሽንት ይያዛል፣ ሰውነት ይግላል፤ ከዚያ ልጁ ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ይጀምራል። ጓደኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲለፈልፍ ሰምተው «ተገለጠለት» ይላሉ፤ ጠዋት ምን እንዳለ አያስታውስም። ልኩን የሚያውቅ አዋቂ አለ የምትሉም አትሳሳቱ፤ የመርዙ ብዛት ከተክል ተክል፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ልጁ ጠጥቶ እንደዚያ ከሆነ ጠበል ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ግለቱና የልብ ምቱ ሊገድለው ይችላል።

የዋሸራ ወንበር፦
ይህን በቅኔ ጉባኤው ላይ አትለጥፍ። ደህና መምህር አብሾ የነካ ተማሪ ከወንበሩ ያባርራል።

ፋርማሲ ቤት፦
አባሮ ወዴት ይልከዋል? የተባረረው ልጅ እኮ ነው ክታብ እየጻፈ ገበያ ለገበያ የሚዞረው። ያን ጊዜ ደግሞ «አስማተኛ ሆነ፣ ባከነ» ትሉታላችሁ።

ወለተ ዲማ፦
ወንድሞቼ፣ ስለ አንድ ወንድ ተማሪ ጠላ ይህን ያህል ከተጨቃጨቃችሁ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው፣ ሴት ሆነው፣ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው በእዚሁ በጎጃም ወንዶቹን አስተምረዋል። አባታቸው የቅኔ መምህር ባይሆኑ ኖሮ ማን በር ይከፍትላቸው ነበር? ጓዳ እየተቀመጠች የወንድሟን ግስ በጆሮዋ ይዛ የቀረችውን ልጅ ማን ቆጠራት? እሷ ጠላውን ጠምቃ ታቀርባለች እንጂ ደመወዝ ብሎ የሚሰጣት የለም። ትልቁ ብክነት ይህ ነው፤ የሬዲዮውም ሰው እናንተም አላነሣችሁትም።

ጣና ዳር፦
እቴ፣ እውነትሽን ነው፤ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የምንከራከረው ዕድሉን አግኝቶ ስላባከነው ነው።

ወለተ ዲማ፦
ሌላ ጉዳይ አይደለም። «ዕድሉን አግኝቶ» ያልከውን ራስህ መልሰህ አንብበው።

ጣና ዳር፦
እሺ። ሐዲስ ዓለማየሁን እንውሰድ። ደብረ ኤልያስና ዲማ ቅኔ ተምረው ወደ አዲስ አበባ ወጡ፤ አርበኛ፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር፣ ደራሲ ሆኑ። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤም ቅኔውን ይዘው ወደ ተውኔት ገቡ። እነዚህ ወንበር አልዘረጉም፤ ባከኑ ልትሉ ነው?

የዋሸራ ወንበር፦
ማንም ባከኑ አላለም። ቅኔ ቤቱ ግን አጥቷቸዋል። ዮፍታሔ ለንጉሡ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ጻፉ ብለን ስንኮራ፣ ስንት ተማሪ ያወጡ ነበር ብሎ መጠየቅም ያባት ነው።

ዘጎዛምን፦
የኔታ፣ አጣናቸው የሚሉት ትክክል አይመስለኝም። እነዚያ የጻፉት አለ፤ እናነበዋለን። ወንበር ላይ የቀሩት ሊቃውንት ቅኔ ግን የት አለ? የጎንጁን የጥንት ባለ ቅኔ ተዋነይን ያህል ሰው በጥቂት ቅኔ ብቻ ነው የምናውቀው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለሆነ የተባለው ሁሉ እዚያው ማኅሌቱ ላይ ይቀራል። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በ1963 ባያሳትሙ ኖሮ የቀረውም ይጠፋ ነበር። ዛሬ ግን በየተማሪው እጅ ስልክ አለ፤ ለምን አይቀዳም?

የዋሸራ ወንበር፦
መቅዳቱ ብቻውን አይረባም። የተቀዳ ብዙ አለ፤ ከበሮው ውጦት፣ ከስምንቱ ቤት ሦስቱ አይሰማም። ከቅዳሴ በኋላ ባለ ቅኔውን እዚያው አስቀምጦ ቤት በቤት ማስደገም፣ በግእዝ መጻፍ፣ ሰሙንና ወርቁን ራሱ እንዲናገር ማድረግ፣ በዓሉንና ደብሩን ማስፈር ይገባል። ሳምንት ካለፈ ራሱም ይረሳዋል። ምስጢሩ ያልተጻፈ ቅኔ ለሚቀጥለው ተማሪ አይጠቅመውም።

ጣና ዳር፦
ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል? ባለ ቅኔው ወጥቶ ዝክር ቤት ገብቷል።

ዘጎዛምን፦
አልበላማ! ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ ነው ያደረው። መጀመሪያ የሚበላውን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ያቅርብለት፣ ከዚያ ይጻፍ።

ወለተ ዲማ፦
ለመጻፉ እኔ እመጣለሁ። ግእዙን አነባለሁ፣ እጄም ፈጣን ነው። ቅኔ ማኅሌቱ አጠገብ ታስቀምጡኛላችሁ ወይስ እሱም ሌላ ጉዳይ ነው?