የሎውናይፍ፦ ዋና ከተማነቷ ከከተማነቷ ቀደመ?

ጠያቂ፦ የካናዳዋ የሎውናይፍ በ1967 እ.ኤ.አ. የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ዋና ከተማ ሆነች ይባላል፤ የከተማ ደረጃ ያገኘችው ግን በ1970 ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ 1፦ ሁለቱም ልክ ነው፤ ውሳኔዎቹ ይለያያሉ። በ1967 የተወሰነው የግዛቱ መንግሥት መቀመጫ ነው። እስከዚያ ግዛቱ የሚተዳደረው ከካናዳ ዋና ከተማ ከኦታዋ ነበር፤ የግዛቱ አስተዳዳሪ የነበሩት ኮሚሽነር ስቱዋርት ሆጅሰን ሠራተኞቻቸውን ይዘው በአውሮፕላን የሎውናይፍ የገቡት በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ለብቻው ነው ያደገው፤ የመጀመሪያው ከንቲባ የተመረጠው በ1953 ነው።

መልስ 2፦ አንድ ልጨምር። መቀመጫው የሎውናይፍ የሆነውን የግዛቱን ሕግ አውጪ ምክር ቤት በፓርቲ ዓይን ካየኸው ይምታታብሃል። 19ኙም አባላት በግል ተወዳድረው ይገቡና አፈ ጉባኤውን፣ ፕሪሚየሩን (የግዛቱን መንግሥት መሪ) እና ሚኒስትሮቹን ራሳቸው በምስጢር ድምፅ ይመርጣሉ። ካቢኔው ከግማሽ በታች ስለሆነ የቀሩት አባላት ካልደገፉት በጀቱን አያሳልፍም።