ዳይፐሩ ሌሊት እያፈሰሰ አስቸግሮናል፣ የቱን ልግዛ?

የናቲ እናት፦
እናቶች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ 8 ወሩ ነው፣ ወንድ። የለመድነው ዳይፐር ሲወደድብን ወደ ረከሰው ዞርን። ይኸው ሦስተኛ ሌሊታችን ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እያለቀሰ ይነሳል፣ ስዳብሰው እስከ ጀርባው ርሷል። ትናንት ፍራሹ ውስጥ ዘለቀ። ክረምት ነው፣ የታጠበው ሁሉ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ቂጡም ቀላ ቀላ ብሏል። አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሱቁ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዋጋው ደህና ሆኖ የማያፈስ የቱ ነው?

የሳሪሷ፦
ቁጥሩን ጨምሪ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ እኔ ሦስቱንም በጨርቅ ነው ያሳደግኳቸው። ያረጀ አንሶላ ቀደሽ፣ አራት አጥፈሽ ማሰር ነው። ሲቆሽሽ በፈላ ውሃ ቀቅለሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት። የአሁን እናቶች ገንዘባችሁን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው የምትጥሉት። ልጁም አየር ያገኛል።

የናቲ እናት፦
እውነትዎን ነው እማማ። ግን ፀሐዩም የለ፣ ውሃችንም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ለዛሬ ሌሊት የሚሆን ንገሩኝ።

የመንትዮች አባት፦
እህቴ፣ ኪሎው ስንት ነው? ስንት ቁጥር ነው የገዛሽው? ዳይፐር በወር አይመረጥም፣ በኪሎ ነው።

የናቲ እናት፦
ባለፈው ሲመዘን 9 ኪሎ ተኩል ነበር። የገዛሁት 3 ቁጥር ነው። ፓኬቱ ላይ ከ4 እስከ 9 ኪሎ ይላል። ወይኔ፣ አሁን ነው ያየሁት።

የሳሪሷ፦
አልኩሽ እኮ! ቁጥሩን ጨምሪ።

የመንትዮች አባት፦
እንግዲያው ስለረከሰ አይደለም ያፈሰሰው፣ ስለጠበበው ነው። የአንዱ ድርጅት 3 ቁጥር ከሌላው 3 ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። ሁልጊዜ ኪሎውን እዪ።

ዋጋውን ደግሞ በፓኬት አታወዳድሪ። ብሩን ለፍሬው አካፍዪ። ለምሳሌ 40 ፍሬ 800 ብር ከሆነ አንዱ 20 ብር ነው። 50 ፍሬ 700 ብር ከሆነ አንዱ 14 ብር ነው። ግን በ20ው በቀን 5 የሚበቃሽ ከሆነ 100 ብር፣ በ14ቱ 8 የምትቀይሪ ከሆነ 112 ብር ያወጣሻል። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው። እኛ ሁለት ልጅ ይዘን ያወጣነው ዘዴ ቀን ረከስ ያለውን፣ ሌሊት ጥሩውን ማድረግ ነው። ቀን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ርካሹ ይበቃል። ለሌሊት በቀን አንድ ጥሩ ዳይፐር ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ።

ባለሱቁ፦
ዛሬ ሙሉ ፓኬት አትግዢ። 4 ቁጥር በፍሬ የሚሸጥ ካገኘሽ ሁለት ሦስት ወስደሽ ሞክሪ። ግን ከየትኛው ፓኬት እንደወጣ አሳየኝ በዪ፣ ኪሎው እሱ ላይ ነው የተጻፈው። አቧራ የጠጣ ወይም እርጥበት የነካው አትውሰጂ።

የሦስት ልጆች እናት፦
በጨርቅ ቢሆን ይሄ ሁሉ ሒሳብ የለም።

ቤቲ፦
ወንድ ልጅ ነው አይደል? ስታስሪው ብልቱን ወደ ታች አድርጊ፣ ወደ ላይ ከሆነ በሆዱ በኩል ነው የሚወጣው። ከዚያ በእግሩ ዙሪያ ያለውን ሽብሽብ በጣትሽ ወደ ውጭ አውጪው፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከቀረ የፈለገ ውድ ቢሆን ያፈስሳል። የኔ ልጅ ሌሊት ሌሊት አባይ ነበር፣ የተገላገልኩት በዚህ ነው።

አዲስ ዓይነት ስትገዢ ደግሞ አንዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ፈትኚው። ሦስት ሲኒ ለብ ያለ ውሃ ቁንጥር ጨው ጨምረሽበት ቀስ ብለሽ አፍስሺበት። ጨው ያልኩሽ ሽንት ጨው ስላለው ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ መጣጭ ዱቄት ጨዋማውን የሚይዘው ከንጹሁ ውሃ ያነሰ ነው። አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ሶፍት አስቀምጪበትና በመዳፍሽ ተጫኚ። ሶፍቱ ከራሰ ለሌሊት አይሆንሽም። መሃሉ ላይ ተጓጉሎ ጫፉ ደረቅ ከሆነም ተዪው።

የናቲ እናት፦
ጠዋት ቂጡ ላይ እንደ ጄል ያሉ ትናንሽ ፍሬዎች አገኘሁ። እሱ ነው ያቀላው?

ነርስ ነኝ፦
እሱ ቤቲ ያለችው ዱቄት ነው፣ ሽንት ሲጠጣ ጄል ይሆናል። ዳይፐሩ ውስጡ ስለተቀደደ ነው የወጣው። በውሃ ጥረጊው፣ ወደ አፉ እንዳያስገባው ብቻ ተጠንቀቂ። መቅላቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው እርጥበቱ ቆዳው ላይ መቆየቱ ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥጥ እጠቢው፣ ሳትፈትጊ አድርቂው፣ ትንሽ ሳታስሪው አቆዪው። ከመታሰሩ በፊት ዚንክ ያለው ቅባት ወይም ቫዝሊን ቀቢው። ፓውደር አታድርጊበት፣ ብናኙ ወደ ሳንባው ይገባል። መቅላቱ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ቀያይ ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

የናቲ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ባለቤቴ ወደ ሱቅ እየሮጠ ነው። 4 ቁጥር በፍሬ ብዬዋለሁ።

ቤቲ፦
ነገ እንዴት እንዳደረ ንገሪን እሺ።

የሳሪሷ፦
የናቲ እናት፣ እንዴት አደራችሁ?

አዲስ እናት፦
ሰላም እህቶች፣ እኔም እዚሁ ልጠይቅ። የኔ ሴት ናት፣ 5 ወሯ። እሷ ደግሞ ከኋላ በወገቧ በኩል ነው የሚያፈስባት፤ ቁጥሩን ብጨምርም ያው ነው። ምን ላድርግ?