ያ የደረጃ ላይ ጭፈራ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ

የማታ ተመልካች (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከ8 ዓመቷ ልጄ ጋር «ዘ ሊትል ኮሎኔል»ን አየን። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ፣ የልጅ ተዋናይዋ ሸርሊ ቴምፕል የምትጫወትበት ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ልጄ አሥር ደቂቃም አትቆይ ብዬ ነበር። ታሪኩም ያን ያህል አዲስ ነገር የለውም፤ የተኳረፉ አባትና ልጅ፣ መሀላቸው የገባች የልጅ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ እርቅ።

ከዚያ ያ ደረጃ መጣ። ትንሿ ልጅ ወደ መኝታዬ አልወጣም ብላ ታኮርፋለች። ጥቁሩ ጨፋሪ ቢል ሮቢንሰን የሚጫወተው የቤቱ አሽከር ደግሞ ደረጃ የሚወጣበት ሌላ መንገድ አለ ብሎ በጫማው ብቻ ከበሮ የሚመታ ያህል እየረገጠ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በመጨረሻ እጇን ይዞ አብረው ይወጣሉ። ልጄ «እንደገና!» አለች። አምስት ጊዜ መለስነው። እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እንባዬ መጣ።

ዛሬ የሚሠሩት የልጆች ፊልሞች በቴክኒክ የትየለሌ ይበልጣሉ፤ ታዲያ ይሄ በምኑ ነው እንዲህ የያዘኝ? ሌላው ጥያቄዬ ከበድ ይላል። በዚያ ዘመን በሆሊውድ ስለሠሩ የልጅ ተዋናዮች ሕይወት ማንበብ ጀምሬ ልቤ ተረበሸ። የደረሰባቸውን እያወቅኩ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ መደሰቴ ልክ ነው? ቀጥሎስ ምን እንይ?

ባለ ታፕ ጫማ

እህቴ፣ እኔ ለልጆች ታፕ ዳንስ፣ ማለትም ብረት በተደረገበት ጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፍሩትን ጭፈራ፣ አስተምራለሁ፣ ያንን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርስም። የያዘሽ ነገር እግራቸው ነው። ካሜራው ከራስ እስከ እግር ያሳያቸዋል እንጂ ዛሬ እንደለመድነው በየሰከንዱ ፊት፣ እጅ፣ ጫማ እያለ አይቆራርጥም። የምታይው ነገር በትክክል እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነው። ብትሳሳት ኖሮ ታይው ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽና ደግመሽ እዪው። የደረጃ ጭፈራው ሮቢንሰን በመድረክ ላይ ለዓመታት የታወቀበት ሥራው ነው፣ ለ6 ዓመት ልጅ በጥቂት ቀን የሚገባ አይደለም። ስለዚህ አቀለላት። ደረጃውን ስትወጣ የእያንዳንዱን ደረጃ ፊት ለፊት፣ ማለትም ቋሚውን እንጨት፣ በጫማዋ ጫፍ እንድትመታ አስተማራት። በዚህ አንድ ምት ይጨመራል፣ ጆሮ ደግሞ እሱ የሚረግጠውን ያህል የረገጠች አድርጎ ይሰማዋል። ይህን ካወቅሽ በኋላ ዓይንሽ ከጫማዋ ጫፍ አይነሳም!

ሮቢንሰን ያኔ 56 ዓመቱ ነበር። አንድ ጊዜም ከእሷ በላይ ልታይ አይልም፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነው፣ ፍጥነቱን ለእሷ ይመጥናል። እኔ ማስተማርን ከዚያ ትዕይንት ተምሬአለሁ ብል አልዋሸሁም። አብረው አራት ፊልም ሠርተዋል፤ ሁሉንም ፈልጊና እዪ።

ከመጋረጃ ጀርባ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ግን የሁለተኛው ጥያቄ መልስ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። እነዚያ የተያያዙ እጆች እኮ በአሜሪካ ደቡብ ከፊልሙ ተቆርጠው ነው የታዩት። ጥቁር ሰው የነጭ ልጅ እጅ መያዙ አይታይም ተባለ። ጭፈራው ዓለም ያደነቀው ሰውዬ የተሰጠው ሚናም የአሽከር ነው። ይሄንን ለልጅሽ ንገሪያት። 8 ዓመት ለዚህ አያንስም።

የልጆቹ ነገርም እንደዚሁ። ስቱዲዮው ከሸርሊ ዕድሜ ላይ አንድ ዓመት ቀንሶ ነበር፤ እሷም ራሷ ለዓመታት አላወቀችም። ካመጣችው ከ3 ሚሊዮን በላይ ዶላር ውስጥ ስታድግ ያገኘችው 44 ሺህ አካባቢ ብቻ ነው። ሌላዋን ተዋናይትና ዘፋኝ ጁዲ ጋርላንድን ገና ልጅ ሳለች ክብደት ቀንሺ እያሉ ምግብ ይከለክሏት ነበር፣ ለመንቃትም ለመተኛትም ክኒን ይሰጧት እንደነበር ኋላ ራሷ ተናግራለች። በ47 ዓመቷ ሞተች። በድምፅ አልባው ዘመን ከቻፕሊን ጋር የሠራው ጃኪ ኩጋን አድጎ ገንዘቤ የት አለ ሲል አብዛኛው ተበልቶ ጠበቀው፤ በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ። በስሙ የሚጠራው የካሊፎርኒያ ሕግ በ1939 የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የልጆቹን ገንዘብ በደንብ የሚጠብቅ የሆነው ግን በ2000 ተሻሽሎ ከገቢያቸው 15 በመቶው የግድ ይቀመጥላቸው ከተባለ ወዲህ ነው።

እኔ ማየት አላቆምኩም። ብናቆም እነሱ የደከሙበት ሥራ ነው ተረስቶ የሚቀረው፣ የበደላቸው ሰው ምንም አይጎድልበትም።

አሮጌ ሪል

ቀጥሎ «ሚት ሚ ኢን ሴንት ሉዊስ»ን እዩ፣ 1944። ቀለሙ ብቻ ይበቃል፣ ግን እኔ የምልሽ ለአንድ ትዕይንት ነው። የገና ዋዜማ ነው። ቤተሰቡ የሚወደውን ቤት ትቶ ወደ ኒውዮርክ ሊሄድ ነው። ጁዲ ጋርላንድ መስኮት አጠገብ ሆና ለትንሿ እህቷ ለማርጋሬት ኦብራየን ትዘፍንላታለች። ልጅቱ ዘፈኑን ሰምታ አትጽናናም። በሌሊት ልብሷ ወደ ውጭ ሮጣ ከበረዶ የሠሯቸውን ሰዎች እያለቀሰች ትሰባብራቸዋለች። ያ ለቅሶ የቆንጆ ልጅ ለቅሶ አይደለም፤ የእውነት የተናደደ ልጅ ነው። በዘመኑ ሌላ ማንም ልጅ እንዲህ ሲያዝን አላየሁም።

የዘፈኑ ግጥም መጀመሪያ ሲጻፍ በጣም ጨለማ ነበር። ለዚህች ሕፃን ይህንን ብዘፍንላት ሰው ጨካኝ ይለኛል ብላ እንዲለወጥ ያደረገችው ጁዲ ናት። ራሷ በልጅነቷ ያን ሁሉ ያየች ሴት መሆኗን አስቢና ፊቷን እዪው።

ጁዲና ወጣቱ ተዋናይ ሚኪ ሩኒ ጎተራ ውስጥ ትርኢት የሚያዘጋጁበት «ቤብስ ኢን አርምስ»ም ደስ ይላል፣ ግን ነጮቹ ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው የሚዘፍኑበት ክፍል ስላለው አስቀድመሽ ለብቻሽ እዪው። ወጣቷን ዘፋኝና ተዋናይት ዲያና ደርቢንን ደግሞ ለድምፅዋ ስሚያት። በ1936 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ዩኒቨርሳል የተባለውን የፊልም ስቱዲዮ ከኪሳራ እንዳወጣው ይነገርላታል። ኋላ ሁሉን ትታ ፈረንሳይ ገባችና በጸጥታ ኖረች፣ እኔ በዚህ እንዴት ደስ እንደሚለኝ።

የማታ ተመልካች

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ደግመን አየነው፣ ስለተቆረጡት እጆችም ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እና አሁን ማን መልሶ ቀጠለው?» አለችኝ። ቀጥላ ሸርሊ ስታድግ ምን ሆነች ስትለኝ በጋና፣ ኋላም በቼኮዝሎቫኪያ የአሜሪካ አምባሳደር እንደነበረች ነገርኳት። አሁን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች በጫማዋ ጫፍ እየመታች ናት። ሴንት ሉዊስ ነገ ማታ ነው።