በምሕዋር ላይ ቅድሚያ የማን ነው?

ጥያቄ (የሕግ ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ)
ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ ሚኒባስ አደባባዩን ይዞር የነበረ የቤት መኪና ገጭቶ ሾፌሮቹ ሲጨቃጨቁ አየሁ። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ነገሩ ወዲያው አለቀ፤ አደባባይ ውስጥ ላለው ቅድሚያ እንደሚሰጥ ደንቡ ግልጽ ነውና። የሁለት ሳተላይቶች መንገድ ቢቋረጥስ ቅድሚያ የማን ነው?

ምላሽ (ጠበቃ፣ ልደታ)
የማንም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሕግ ገና አልወጣም። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።) የ1967ቱ የኅዋ ስምምነት አንቀጽ 9 አገሮች የሌሎችን ጥቅም ከግምት እንዲያስገቡ፣ ሥራቸው ሌላውን የሚያውክ መስሎ ከታያቸውም አስቀድመው እንዲመካከሩ ያዛል እንጂ ማን መንገድ ይልቀቅ የሚለውን አይነካም። ባሕር ላይ ግን የ1972ቱ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ አለ፤ በሞተር የሚሄዱ ሁለት መርከቦች መንገዳቸው ሲቋረጥ፣ ሌላዋን በቀኟ የምታይ መርከብ ትለቃለች።

ዋናው ችግር ያለው ተጠያቂነት ላይ ነው። በዚያው በ1972 ለፊርማ የቀረበው የተጠያቂነት ስምምነት፣ ምድር ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርም ካሳ ያስከፍላል፤ ኅዋ ውስጥ ለደረሰ ግን ጥፋት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የተጣሰ የቅድሚያ ደንብ ከሌለ ጥፋቱን በምን እንለካው? በ2009 የአሜሪካው ኢሪዲየም 33 እና የሩሲያው ኮስሞስ 2251 ከሳይቤሪያ በላይ 790 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተጋጭተው ተበታተኑ። ኮስሞስ ሥራ ካቆመ ቆይቶ ስለነበር፣ «ቅድሚያ ስጥ» የሚል ደንብ ቢኖር እንኳ ትእዛዝ የሚቀበል አልነበረም።

ምላሽ (የራዲዮ መሐንዲስ)
ለጠበቃው አንድ ነገር ልጨምር። መርከበኛው ሌላዋን መርከብ በዓይኑ ያያል፤ እኛ የምናየው የሳተላይቶቹን ቦታ ግምት ነው። በመስከረም 2019 የአውሮፓ ኅዋ ድርጅት ኤዎለስ የተባለች ሳተላይቱን ከአንድ የስፔስኤክስ ኩባንያ የኢንተርኔት ሳተላይት (ስታርሊንክ) ያሸሸው የመጋጨት ዕድሉ ከአንድ ሺህ አንድ በልጦ ስለተሰላ ነው፤ ድርጅቱ ለመሸሽ የሚወስነው ከአሥር ሺህ አንድ ሲያልፍ ነው። ስፔስኤክስ የዕድሉን መጨመር የሚገልጹትን መልእክቶች በማንቂያ ሥርዓቱ ብልሽት ምክንያት ሳያያቸው ቀረ። ሁለቱም በየፊናቸው ቢንቀሳቀሱ ደግሞ ስሌቱ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህም ነው ናሳ እና ስፔስኤክስ በ2021 ስታርሊንኮቹ እንዲሸሹ፣ የናሳዎቹ ባሉበት እንዲጸኑ የተዋዋሉት። እኔ እንደሚመስለኝ ለቅድሚያ ደንብ የሚቀርበው ይህ ውል ነው፤ ሆኖም ከሁለቱ ውጪ ማንንም አያስገድድም።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የተወነጨፈችው የእኛዋ የምድር ቅኝት ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 በጥፋቷ ሌላ ብትገጭ ኖሮስ ተጠያቂው ማን ነበር?

ጠበቃው
በተጠያቂነት ስምምነቱ ትርጓሜ፣ ያስወነጨፈም ሆነ ሌላ እንዲያስወነጭፍለት ያደረገ፣ ግዛቱን የሰጠም አገር «አስወንጫፊ» ነው። ስለዚህ አገሮቹ ስምምነቱን ተቀብለው ከሆነ፣ ተጎጂው ሙሉ ካሳውን ከኢትዮጵያም ከቻይናም ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ የከፈለው ከሌላው ድርሻውን ያስመልሳል። ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም ግን ያው በከሳሹ ላይ ነው።