ረቡዕና ዓርብ እየጾሙ የፈሪሳዊውን ምሳሌ ማስተማር

ፒያሳ አካባቢ ላሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሉቃስ 18፥9-14ን፣ ሊጸልዩ ወደ መቅደስ የወጡትን የፈሪሳዊውንና የቀራጩን (የግብር ሰብሳቢውን) ምሳሌ፣ በ40 ደቂቃ አስተምራለሁ። የሚያጣብቀኝ ቁጥር 12 ነው፤ ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፣ አሥራት ያወጣል። እኛም ረቡዕና ዓርብ እንጾም የለ? "ታዲያ እኛስ ማን ነን?" አሉኝ።

መጀመሪያ ኢሳይያስ 64፥6ን፣ ጽድቃችን ሁሉ እንደ መርገም ጨርቅ ነው የሚለውን አነበብኩ። ግማሾቹ "እንግዲያው ጾም ለምኔ!" አሉ። ቀጥዬ ሉቃስ 17፥10ን፣ የማንጠቅም ባሪያዎች ነን የሚለውን አመጣሁ። ይሄ ይሻላል፤ ጾሙ ግዴታ ሆኖ ይቀራል፣ መመኪያነቱ ግን ይወድቃል። ግን አንዱ እጁን አውጥቶ "ተመስገን፣ እንደ ፈሪሳዊው አይደለሁም" አለ። ፈሪሳዊው "እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ" ያለው ያው ጸሎት ተገልብጦ መጣ!

ጾሙን ሳላቃልል ይህን ወጥመድ እንዲያዩት ከየቱ ልነሣ፦ ከቁጥር 9 "ሌሎችን መናቅ" ወይስ ከቁጥር 13፣ ቀራጩ በሩቅ ቆሞ ደረቱን ከመታበት?