ካሳ ኃይሉ በሽፍትነታቸው ዘመን በወዳጅና በጠላት ዓይን

ጥያቄ፦
ዓፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው አስቀድሞ፣ ካሳ ኃይሉ ተብለው በቋራ ቆላ ሸፍተው በነበሩባቸው ዓመታት፣ በጎንደር ሥልጣኑን የያዙት የየጁ መሳፍንትና የቋራ ገበሬ ስለ እርሳቸው የነበራቸው አስተያየት የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው። አንዱ ወገን ቀማኛ ያላቸውን ሌላው እንደ ጌታ ያደረባቸው ስለ ምንድን ነው? የውጊያ ስልታቸውስ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ ነበረው?

መልስ 1፦
የነገሩ ሥር ግዛት ነው። የካሳ ዘመድ ደጃዝማች ክንፉ ሲሞቱ ካሳ ይገባኛል የሚሉትን አገር የየጁው ገዥ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ያዙት፤ ስለዚህም ለቤተ መንግሥቱ ካሳ ወንበዴ ነበሩ፣ እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል እየተባለም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው ተሰድበዋል። በቋራ ግን፣ ከዘረፉት ገንዘብ ለባላገሩ የእርሻ መሣሪያ መግዣ እንዳከፋፈሉ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ጸሐፊው አድናቂያቸው መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ሆኖም ያለ ባላገሩ ድጋፍ ያን ያህል ዓመት በቆላ መኖር የሚቻል አይመስለኝም።

መልስ 2፦
ስለ ስልታቸው ልጨምር። ብርቱ ጦር ሲመጣባቸው ወደ በረሃ ይወርዳሉ፤ የደጋው ወታደር ሙቀቱና ንዳዱ አድክሞት ሲመለስ እርሳቸው ይነሣሉ። ይህን መሳፍንቱ ሽሽት አሉት፤ በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው ቆስለው ሲማረኩ ግን የስድቡ ጉልበት ላላ። ያልሠራላቸው ጊዜም አለ፤ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ምሽግ ይዞ መድፍ ደግኖ የጠበቃቸውን የግብፅ ጦር ፊት ለፊት ገጥመው ብዙ ሰው አልቆባቸዋል። ለመድፍና ለሥርዓት ላለው ሠራዊት በኋላ ያሳዩት ጉጉት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከዚያ ሽንፈት የተወለደ ነው።

መልስ 3፦
ከጎጃም በኩል ለሚያየው ሰው ታሪኩ እንዲህ የጠራ አይደለም። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙ ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከካሳ ጋር ሲዋጉ በጥይት ወደቁ። ከውጊያው በፊት ካሳን እብድ እያለ በግጥም ያዋረደው የጎሹ አዝማሪ ተይዞ ሲቀርብ፣ ምን እንደሚገባው ተጠየቀ፤ እርሱም እዚያው ቆሞ ሽመል ይገባኛል ብሎ በራሱ ላይ ገጠመ፣ በሽመልም ተደብድቦ ሞተ። ካሳን የሚወዱ ይህን የፍርድ ጽናት አድርገው ያወሩታል። እኔ ግን አንድ የጌታውን እንጀራ የበላ ዘፋኝ በጠላት ወታደር መካከል ብቻውን ቆሞ የመጨረሻ ስንኙን ሲያሳምር ይታየኛል፤ ያን ዕለት ለጎሹ ያለቀሰ የጎጃም ሰው ካሳን የአገር አንድነት መሪ ብሎ እንዲጠራቸው መጠበቅም ተገቢ አይደለም።